ማይክሮቪላይ

ማይክሮቪላይ (በነጠላ፦ ማይክሮቪለስ) በህዋስ ሽፋን የተጠቀለሉ፣ እንደ ጣት ከህዋሱ ገጽ ወደ ውጭ የሚወጡ እጅግ ጥቃቅን ዘንጎች ናቸው። አንዱ ማይክሮቪለስ ብዙውን ጊዜ 1 ማይክሮሜትር ገደማ ርዝመትና 0.1 ማይክሮሜትር ገደማ ውፍረት አለው። 1 ማይክሮሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ በመሆኑ፣ 10,000 ማይክሮቪላይ ጎን ለጎን ቢደረደሩ የሚሞሉት አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ማይክሮቪላይ በብዛት የሚገኙት ንጥረ ነገሮችን ለመምጠጥ በተሠማሩ ህዋሳት ላይ ነው። ዋነኞቹ የትንሹ አንጀት የውስጥ ግድግዳና የኩላሊት ቱቦዎች ህዋሳት ናቸው። በአንድ የአንጀት መምጠጫ ህዋስ አናት ላይ ከአንድ ሺህ እስከ ሦስት ሺህ የሚደርሱ ማይክሮቪላይ በሥርዓት ተደርድረው ይገኛሉ። ይህ ድርድር በማይክሮስኮፕ ሲታይ የብሩሽ ጠጉር ስለሚመስል «የብሩሽ ጠርዝ» ተብሎ ይጠራል።

የማይክሮቪላይ የመጀመሪያ ጥቅም የህዋሱን ገጽ ማስፋት ነው። ሆኖም ሥራቸው በዚህ አያበቃም። ምግብን የሚፈጩ ኢንዛይሞችና ንጥረ ምግብን ወደ ህዋሱ የሚያስገቡ ፕሮቲኖች የተተከሉት በእነዚሁ ዘንጎች ገጽ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት የብሩሹ ጠርዝ ከተጎዳ ሰው በቂ ምግብ እየበላም በምግብ እጥረት ሊጎዳ ይችላል።

ስያሜውና ከቪላይ ጋር ያለው ልዩነት

ቃሉ የተገኘው ከሁለት ቋንቋዎች ነው። «ማይክሮ» በግሪክኛ ትንሽ ማለት ሲሆን «ቪለስ» ደግሞ በላቲን የተንጨፈረረ ጠጉር ማለት ነው።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ቪላይንና ማይክሮቪላይን ያደባልቃሉ። ልዩነቱ የመጠን ብቻ አይደለም። ቪለስ የአንጀት ግድግዳ ክፍል ነው፤ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ በብዙ ህዋሳት የተሸፈነ ነው፣ በውስጡም የራሱ የደም ሥሮችና የሊምፍ ቱቦ አለው። ማይክሮቪለስ ግን የአንድ ህዋስ ክፍል ነው። በውስጡ የደም ሥርም ሆነ ሌላ ህዋስ የለም። በሌላ አነጋገር፣ በእያንዳንዱ ቪለስ ላይ ብዙ ህዋሳት አሉ፤ በእያንዳንዱ ህዋስ አናት ላይ ደግሞ ብዙ ማይክሮቪላይ አሉ።

የገጽ ስፋት ለምን ያስፈልጋል?

ወደ ህዋስ የሚገባና ከህዋስ የሚወጣ ነገር ሁሉ የሚያልፈው በሽፋኑ ነው። ስለዚህ አንድ ህዋስ በተወሰነ ጊዜ ምን ያህል ንጥረ ነገር ማስገባት እንደሚችል ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የሽፋኑ ስፋት ነው። ችግሩ ህዋስ ሲያድግ የገጹ ስፋት ከይዘቱ እኩል አለማደጉ ነው። ለምሳሌ እያንዳንዱ ጎኑ 10 ማይክሮሜትር የሆነ ኩብ ቅርጽ ያለው ህዋስ ቢወሰድ፣ የገጹ ስፋት 600 ካሬ ማይክሮሜትር፣ ይዘቱ ደግሞ 1,000 ኩብ ማይክሮሜትር ይሆናል። ጎኑ በእጥፍ አድጎ 20 ማይክሮሜትር ሲሆን ግን ገጹ 2,400 ካሬ ማይክሮሜትር ሲደርስ ይዘቱ 8,000 ኩብ ማይክሮሜትር ይደርሳል። ገጹ አራት እጥፍ ሲያድግ ይዘቱ ስምንት እጥፍ አደገ ማለት ነው።

ማይክሮቪላይ ህዋሱን ሳያሳድጉ ገጹን ብቻ ያሰፋሉ። 1 ማይክሮሜትር ርዝመትና 0.1 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው አንድ ዘንግ የጎኑ ስፋት 0.31 ካሬ ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ዘንጉ በህዋሱ አናት ላይ የያዘው መሬት ግን 0.008 ካሬ ማይክሮሜትር አይሞላም። ይህም በቆመበት ቦታ ላይ 40 እጥፍ ገደማ ገጽ ይጨምራል ማለት ነው። በዘንጎቹ መካከል ክፍተት ስላለ የመላው ህዋስ አናት ጭማሪ ከዚህ ያነሰ ነው።

የሰው አንጀት ገጹን የሚያሰፋው በሦስት ደረጃ ነው። በመጀመሪያ ግድግዳው ራሱ ይታጠፋል፤ ቀጥሎ ከእጥፋቶቹ ላይ ቪላይ ይወጣሉ፤ በመጨረሻም በቪላይ ላይ ባሉት ህዋሳት አናት ማይክሮቪላይ ይበቅላሉ። ለረጅም ጊዜ የመማሪያ መጻሕፍት የዚህ ሁሉ ድምር ከ200 እስከ 300 ካሬ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ቴኒስ ሜዳ ያህል እንደሚሆን ይጽፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ኸርበርት ሄላንደርና ላርስ ፌንድሪክስ የተባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ጭምር በመለካት ቁጥሩን አርመውታል። በስሌታቸው መሠረት የመላው የምግብ ቧንቧ የውስጥ ገጽ 32 ካሬ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 2 ካሬ ሜትር ያህሉ የትልቁ አንጀት ነው። በትንሹ አንጀት ውስጥ እጥፋቶቹ ገጹን 1.6 ጊዜ፣ ቪላይ 6.5 ጊዜ፣ ማይክሮቪላይ ደግሞ 13 ጊዜ ያሰፉታል። ድምሩ ቢቀንስም ከሦስቱ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ማይክሮቪላይ መሆናቸው አልተለወጠም።

የግኝቱ ታሪክ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ተመራማሪዎች በአንጀት ህዋሳት አናት ላይ ቀጫጭን ቋሚ መስመሮች ያሉበት ጠርዝ ተመልክተው ነበር። መስመሮቹ ምን እንደሆኑ ግን አልተስማሙም። አንዳንዶቹ ምግብ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ናቸው ሲሉ፣ ሌሎች ዘንጎች ናቸው ይሉ ነበር። ክርክሩን በዘመኑ መሣሪያ መፍታት አልተቻለም። በብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ከ0.2 ማይክሮሜትር በታች የሚቀራረቡ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማሳየት አይችልም፤ የማይክሮቪላይ ውፍረት ደግሞ የዚህ ግማሽ ነው።

መልሱ የተገኘው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። መሣሪያው በ1930ዎቹ በጀርመን ከተሠራ በኋላ ለህዋስ ጥናት መዋል ሲጀምር፣ ግሬንጀርና ቤከር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጡት ጥናት የተሰመረው ጠርዝ ጎን ለጎን የቆሙ የጣት ቅርጽ ያላቸው ዘንጎች ስብስብ መሆኑን አሳዩ።

ቀጣዩ ጥያቄ ዘንጎቹን ምን ቀጥ አድርጎ እንዳቆማቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ማርክ ሙስከርና ሉዊስ ቲልኒ በዘንጎቹ ውስጥ ያሉትን የአክቲን ክሮች አቅጣጫና ከሽፋኑ ጋር ያላቸውን ትስስር ገለጹ። አክቲን በጡንቻ ውስጥም በብዛት የሚገኝ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ አንቶኒ ብሬቸርና ክላውስ ቬበር ክሮቹን ከሚያስሩት ፕሮቲኖች አንዱን ለይተው «ቪሊን» ብለው ሰየሙት።

ውስጣዊ አሠራር

እያንዳንዱ ማይክሮቪለስ በውስጡ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ የአክቲን ክሮች እስር አለው። ክሮቹ ከዘንጉ ጫፍ እስከ ሥሩ ትይዩ ሆነው ይወርዳሉ። አንድ ክር ብቻውን ቢሆን በቀላሉ ይታጠፋል፤ በአንድነት ሲታሰሩ ግን ዘንጉን ቀጥ አድርገው ለማቆም የሚበቃ ጥንካሬ ያገኛሉ። በዚህ ሥራ የሚሳተፉት ዋና ዋና ፕሮቲኖች የሚከተሉት ናቸው፦

ቪሊን፣ ፊምብሪንና ኤስፒን፦ የአክቲን ክሮችን እርስ በርስ ያስራሉ። ሦስቱም በሌሉባቸው አይጦች ላይ በተደረገ ጥናት ማይክሮቪላይ ጨርሰው አልጠፉም፤ ሆኖም አጥረዋል። ይህም ህዋሱ ለዚህ ቅርጽ ከአንድ በላይ መንገድ እንዳለው ያሳያል።

ማዮሲን 1ኤ እና ኤዝሪን፦ የክሮቹን እስር ዙሪያውን ከከበበው ሽፋን ጋር ያያይዛሉ።

ስፔክትሪንና ማዮሲን 2፦ ከዘንጎቹ ሥር በሚገኘውና የክሮቹ ጫፎች በሚተከሉበት መረብ ውስጥ ይገኛሉ። መረቡ ዘንጎቹ ሳይዘምሙ እንዲቆሙ ይረዳል።

ማይክሮቪለስ እንደ ምሰሶ አንድ ጊዜ ተተክሎ የሚቀር ነገር አይደለም። አክቲኑ በጫፉ በኩል እየተጨመረ፣ በሥሩ በኩል እየተነቀለ ያለማቋረጥ ይታደሳል። የጭማሪውና የቅነሳው መጠን ሲመጣጠን የዘንጉ ርዝመት ሳይለወጥ ይቆያል።

ጎረቤታም ማይክሮቪላይ በጫፎቻቸው አካባቢ በቀጫጭን የፕሮቲን ማያያዣዎች ይተሳሰራሉ። ተራርቀው እንዳይበታተኑና በቁመት እኩል ሆነው እንዲደረደሩ የሚረዳቸው ይህ ትስስር ነው። ከማያያዣዎቹ ጋር የሚሠራው ሃርሞኒን የተባለ ፕሮቲን በውስጠኛው ጆሮ የመስማት ህዋሳት ውስጥም ይገኛል። የዚህ ፕሮቲን ዘረመል ሲበላሽ አሸር ሲንድረም የተባለ በሽታ ይከሰታል፤ በሽታው ከልደት ጀምሮ የመስማት ችግርን፣ ቀስ በቀስም የማየት ችግርን ያመጣል።

የስኳር ልባሱ

የማይክሮቪላይ ገጽ ራቁቱን አይደለም። ከሽፋኑ ፕሮቲኖችና ቅባቶች ጋር የተያያዙ የስኳር ሰንሰለቶች ግላይኮካሊክስ የሚባል ልባስ ይሠራሉ። ልባሱ በአንጀት ውስጥ ሁለት ሥራ አለው። በአንድ በኩል ባክቴሪያዎች በቀላሉ ሽፋኑን እንዳይነኩ ያግዳል፤ በሌላ በኩል የተፈጩ ጥቃቅን ንጥረ ምግቦችን ያሳልፋል። በሌላ ወገን ግን ተውሳኮች ህዋሱን የሚለዩትና የሚጣበቁበት ምልክት ብዙውን ጊዜ ከእነዚሁ ስኳሮች አንዱ ነው። ኮሌራን የሚያመጣው መርዝ ጂኤም1 ከተባለ ስኳር አዘል ቅባት ጋር በመያያዝ ወደ ህዋሱ መግባቱ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል።

በትንሹ አንጀት ውስጥ ያላቸው ሥራ

የምግብ መፈጨት የሚጀምረው በአፍ ቢሆንም የሚጠናቀቀው በማይክሮቪላይ ላይ ነው። ከቆሽት የሚመጡ ኢንዛይሞች ስታርችን ወደ አጫጭር የስኳር ሰንሰለቶች፣ ፕሮቲንን ደግሞ ወደ አጫጭር ቁርጥራጮች ይለውጣሉ። የመጨረሻውን ቆረጣ የሚያካሂዱት ግን ከማይክሮቪላይ ሽፋን ጋር የተያያዙት ኢንዛይሞች ናቸው። ሱክሬዝ የገበታ ስኳርን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ፣ ላክቴዝ የወተት ስኳርን ወደ ግሉኮስና ጋላክቶስ፣ ፔፕቲዴዞች ደግሞ የፕሮቲን ቁርጥራጮችን ወደ አሚኖ አሲዶች ይከፍላሉ።

ኢንዛይሞቹ በዚህ ቦታ መተከላቸው ጥቅም አለው። ግሉኮሱ የሚፈጠረው ከሚያስገባው ፕሮቲን አጠገብ በመሆኑ ብዙ ሳይርቅ ይመጠጣል።

ግሉኮስን የሚያስገባው ዋና ፕሮቲን ኤስጂኤልቲ1 ይባላል። ይህ ፕሮቲን ግሉኮስን ብቻውን አያሳልፍም፤ ለእያንዳንዱ የግሉኮስ ሞለኪውል ሁለት የሶዲየም አዮኖች አብረው መግባት አለባቸው። ሶዲየሙ የሚገባው በህዋሱ ውስጥ ያለው የሶዲየም መጠን ከውጭው ስለሚያንስ ነው። ይህን ልዩነት የሚጠብቀው በህዋሱ ጎንና ሥር ያለ ፓምፕ ነው፤ በአንድ ዙር ሦስት የሶዲየም አዮኖችን እያስወጣ ሁለት የፖታሲየም አዮኖችን ያስገባል፣ ለዚህም ጉልበት ያጠፋል። የገባው ግሉኮስ በህዋሱ ሥር በኩል ወጥቶ ወደ ደም ሥር ያልፋል። ሶዲየምና ግሉኮስ ሲገቡ ደግሞ ውኃ ይከተላቸዋል።

ግሉኮስና ሶዲየም ተጣምረው ይገባሉ የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ክሬን ነው፤ ይህንንም ያደረገው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1960 በፕራግ ከተማ በተካሄደ ስብሰባ ላይ ነበር። የፕሮቲኑ ዘረመል የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው።

ኮሌራና ሕይወት አድን ንጥረ ነገር

የክሬን ሐሳብ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የብዙ ሰዎችን ሕይወት ያተረፈው በኮሌራ ሕክምና ነው። የኮሌራ መርዝ የአንጀት ህዋሳት ክሎራይድን ያለማቋረጥ ወደ ውጭ እንዲያፈሱ ያደርጋል፤ ሶዲየምና ውኃም ይከተላሉ። በሽተኛው በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ሊትር ፈሳሽ ሊያጣና በሰዓታት ውስጥ ለሞት ሊዳረግ ይችላል። ውኃ ብቻ መጠጣት በቂ አይሆንም፤ ሶዲየም ሳይገባ ውኃው በሚገባ አይመጠጥምና።

ሆኖም መርዙ ማይክሮቪላይን አያወድምም፤ የኤስጂኤልቲ1ንም ሥራ አያቆምም። ስለዚህ ጨውና ግሉኮስ በተመጣጠነ መጠን በውኃ ተበጥብጠው ከተሰጡ ሁለቱ ተጣምረው ይገባሉ፤ ውኃውም አብሮ ይገባል። ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ እ.ኤ.አ. በ1968 በዳካ ከተማ በኮሌራ በሽተኞች ላይ ባደረጉት ጥናት ይህ ፈሳሽ በአፍ ተሰጥቶ በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ የነጻነት ጦርነት ወቅት ሕንዳዊው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ በቦንጋኦን የስደተኞች ካምፕ ውስጥ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅበት የጨውና የግሉኮስ ብጥብጡን ለቤተሰቦች አደለ። በዚያ ካምፕ በበሽታው የሚሞተው ሕዝብ ከመቶ 30 ገደማ ወደ ከመቶ 4 በታች ወረደ።

ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ብጥብጥ በአንድ ሊትር ውኃ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት አለው። በዚህ ቀመር የግሉኮስና የሶዲየም መጠን እኩል ነው፤ እያንዳንዳቸው በሊትር 75 ሚሊሞል ናቸው። በኢትዮጵያ ይህ ዱቄት «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር»፣ «ኦአርኤስ» ወይም «ለምለም» በሚሉ ስሞች ይታወቃል። በእሽጉ ላይ ከተጻፈው የውኃ መጠን ማሳነስ ወይም ስኳር መጨመር ጎጂ የሚሆንበት ምክንያትም ከዚሁ አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። ያልተመጠጠ ትርፍ ስኳር በአንጀት ውስጥ ሲቀር ውኃን ከሰውነት ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያብሳል።

ላክቴዝና ወተት

የማይክሮቪላይ ኢንዛይሞች መጠን በዕድሜ ሊለወጥ ይችላል። ጎልቶ የሚታየው ምሳሌ ላክቴዝ ነው። ሕፃናት የእናታቸውን ወተት ለመፍጨት በቂ ላክቴዝ አላቸው፤ በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ግን ከሕፃንነት በኋላ መጠኑ ይቀንሳል። ላክቴዝ ያነሰው ሰው ትኩስ ወተት በብዛት ሲጠጣ ያልተፈጨው የወተት ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያም ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ጋዝ ይፈጠራል፤ የሆድ መነፋት፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ይከተላል። ወተቱ ሲረጋ ግን ባክቴሪያዎች የስኳሩን ከፊል አስቀድመው ስለሚጠቀሙት እርጎ ለብዙዎቹ ይስማማቸዋል።

ለብዙ ሺህ ዓመታት ከብት ወይም ግመል ሲያረቡ በኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ላክቴዝ እስከ እርጅና እንዲቀጥል የሚያደርጉ የዘረመል ለውጦች ተስፋፍተዋል። በአውሮፓ በአብዛኛው የሚገኘው አንድ ዓይነት ለውጥ ነው። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ግን ተመሳሳይ ውጤት የሚያስገኙ በርካታ የተለያዩ ለውጦች መኖራቸውን አሳይተዋል። ይህም ወተት የመጠጣት ችሎታ በሰው ልጅ ታሪክ ከአንድ ጊዜ በላይ፣ በተለያየ መንገድ እንደተገኘ ከሚያስረዱ ማስረጃዎች አንዱ ነው።

ማይክሮቪላይ ሲጎዱ

ሴሊያክ፦ በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው እህል ውስጥ የሚገኘውን ግሉተን ሲመገብ የሰውነቱ የበሽታ መከላከያ የራሱን አንጀት ያጠቃል። ቪላይ ይጠፋጠፋሉ፤ በላያቸው ያሉት ማይክሮቪላይም ያጥራሉ፣ ይሳሳሉ። ውጤቱም ተቅማጥ፣ ክብደት መቀነስ፣ የደም ማነስና በልጆች ላይ የዕድገት መገታት ሊሆን ይችላል። የስንዴን ሚና ያረጋገጠው ቪለም ካሬል ዲኬ የተባለ ኔዘርላንዳዊ የሕፃናት ሐኪም ሲሆን፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ሕክምናው ግሉተን ያለበትን ምግብ እስከ ዕድሜ ልክ መተው ነው፤ ከዚያ በኋላ ገጹ ቀስ በቀስ ያገግማል። ጤፍ ግሉተን ስለሌለው ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ለእነዚህ ሰዎች ይስማማል። ነገር ግን ዱቄቱ ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋር ከተቀላቀለ፣ ወይም በተመሳሳይ ወፍጮ ተፈጭቶ ከተነካካ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

በሽታ አምጪ ኢ. ኮላይ፦ ኢፔክ የሚባለው የዚህ ባክቴሪያ ዓይነት በልጆች ላይ ተቅማጥ ያመጣል። ባክቴሪያው ቲር የተባለ ፕሮቲን ወደ አንጀት ህዋስ ያስገባል፤ ፕሮቲኑ በህዋሱ ሽፋን ላይ ተተክሎ ለራሱ ለባክቴሪያው መጣበቂያ ይሆናል። በዚያ ቦታ ያሉት ማይክሮቪላይ ይጠፋሉ። ህዋሱ የራሱን አክቲን ተጠቅሞ ከባክቴሪያው ሥር መቀመጫ የሚመስል ጉብታ ይሠራል።

ጃርዲያ፦ በተበከለ ውኃ የሚተላለፍ ባለ አንድ ህዋስ ጥገኛ ተውሳክ ነው። በሆዱ በኩል ባለው ክብ መጣበቂያ ከብሩሹ ጠርዝ ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ማይክሮቪላይ እንዲያጥሩና የኢንዛይሞቻቸው ሥራ እንዲቀንስ ያደርጋል።

የማይክሮቪላይ የውርስ በሽታ፦ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ከባድ በሽታ ሲሆን በአብዛኛው የሚከሰተው ማዮሲን 5ቢ የተባለው ፕሮቲን ዘረመል ሲበላሽ ነው። ማይክሮቪላይ በህዋሱ አናት ላይ መሆን ሲገባቸው በህዋሱ ውስጥ በከረጢት ተከበው ይታያሉ። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ባሉት ቀናት ወይም ሳምንታት ብርቱ ተቅማጥ ይጀምረዋል፤ በአፍ የሚወስደው ምግብም አይመጠጥለትም። በሕይወት ለመቆየት ንጥረ ምግብ በደም ሥር ሊሰጠው ወይም አንጀት ሊተከልለት ይገባል።

የአንጀት ህዋሳት ዕድሜ አጭር መሆኑ ከጉዳት ለማገገም ይረዳል። በቪላይ መካከል ካሉ ጎድጓዳ ስፍራዎች የሚወለዱት አዳዲስ ህዋሳት ወደ ላይ እየተገፉ ማይክሮቪላያቸውን ያበቅላሉ፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜም ከቪላይ ጫፍ ይረግፋሉ። የጉዳቱ መንስኤ ከተወገደ ገጹ በአዲስ ህዋሳት የመተካት ዕድል አለው። በንጽሕና ጉድለት ምክንያት ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን የሚያጋጥመው ልጅ ግን ለማገገም የሚሆን ፋታ አያገኝም። የአንጀት ገጽ በዚህ ሁኔታ መሳሳቱ ከመቀንጨር ጋር ተያይዞ የሚጠናውም ለዚህ ነው። ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ቤት ከምግብ ጉዳይ ተለይተው የማይታዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በሌሎች የሰውነት ክፍሎች

ኩላሊት፦ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የሚመልሱት ጥቅጥቅ ያለ የብሩሽ ጠርዝ ያላቸው የመጀመሪያዎቹ የኩላሊት ቱቦ ክፍሎች ናቸው። በጤናማ ሰው ሽንት ውስጥ ግሉኮስ የማይታየው እነዚህ ህዋሳት ሁሉንም ለማለት በሚያስችል ደረጃ ስለሚመልሱት ነው።

የእንግዴ ልጅ፦ ከእናት ደም ጋር የሚገናኘው የእንግዴ ልጅ ገጽ በማይክሮቪላይ የተሸፈነ ነው። ፅንሱ ከእናቱ የሚያገኘው ምግብ የሚያልፈው በዚህ ገጽ ነው።

ምላስ፦ የቅምሻ ህዋሳት ማይክሮቪላያቸውን ወደ ቅምሻ ቀዳዳው ያወጣሉ። ከምግቡ ጋር በምራቅ የሟሙ ነገሮች የሚገናኙት ከእነዚህ ጋር ነው።

ነጭ የደም ህዋሳት፦ ሊምፎሳይቶች በአጫጭር ማይክሮቪላይ የተሸፈኑ ናቸው። በማይክሮቪላይ ጫፎች ላይ ያሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች ህዋሱ በደም ሥር ግድግዳ ላይ እየተንከባለለ ፍጥነቱን እንዲቀንስና ወደሚፈለግበት ቦታ እንዲገባ ይረዱታል። በዚህ ቦታ የማይክሮቪላይ ዋና ሥራ መምጠጥ ሳይሆን መዳሰስ ነው።

የነፍሳት ዓይን፦ የዝንብና የንብ ዓይን ብርሃንን የሚቀበለው በጥብቅ በተደረደሩ ማይክሮቪላይ ነው። ብርሃን ያዡ ሮዶፕሲን የሚገኘው በእነዚህ ዘንጎች ሽፋን ላይ ነው። በሰው ዓይን ይህን ሥራ የሚሠራው ሌላ ዓይነት ቅርጽ፣ ማለትም ከሲሊየም የተለወጠ ክፍል ነው።

ከሌሎች የህዋስ ገጽ ቅርጾች ጋር ሲነጻጸሩ

ሲሊያ፦ በመተንፈሻ ቧንቧ ውስጥ አክታንና አቧራን ጠርገው የሚያስወጡት ሲሊያ ከሩቅ ሲታዩ ማይክሮቪላይን ይመስላሉ። ሆኖም ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር የሚረዝሙ ሲሆን፣ በውስጣቸው ያለው አክቲን ሳይሆን ማይክሮቱቡል የተባለ ቱቦ ነው። ዘጠኝ ጥንድ ቱቦዎች በዙሪያ፣ ሁለት ደግሞ በመሐል ይደረደራሉ። ሲሊያ በራሳቸው ኃይል ይወዛወዛሉ፤ ማይክሮቪላይ ግን እንዲህ ያለ መቅዘፊያ የላቸውም።

ስቴሪዮሲሊያ፦ በስማቸው ሲሊያ ቢባሉም በአሠራር የማይክሮቪላይ ዘመድ ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው የአክቲን እስር ነው። በውስጠኛው ጆሮ እንደ ደረጃ በቁመት ተደርድረው ይቆማሉ። ድምፅ ሲያዘነብላቸው በጫፎቻቸው ያሉት ማያያዣዎች ይወጠራሉ፣ የአዮን በሮች ይከፈታሉ፣ መልእክትም ወደ አንጎል ይሄዳል።

ፊሎፖዲያ፦ የሚጓዙ ህዋሳት አካባቢያቸውን ለመዳሰስ የሚዘረጓቸው ቀጫጭን ጣቶች ናቸው። እነርሱም አክቲን አላቸው፤ ነገር ግን ከማይክሮቪላይ ይረዝማሉ፣ በደቂቃዎች ውስጥም ወጥተው ይመለሳሉ።

እነዚህን ቅርጾች የሚያመሳስላቸው ህዋስ ለሥራው የሚስማማ ገጽ ከውስጥ ባሉት ክሮች አማካይነት መሥራቱ ነው። የአክቲን ክሮች በአንጀት ሲታሰሩ ምግብ የሚመጠጥበትን ብሩሽ፣ በጆሮ ሲታሰሩ ደግሞ ድምፅ የሚሰማበትን ዘንግ ይሠራሉ።